ስለዚያ ፎቶ፦ ከፉሪ እስከ ላስ ቬጋስ ጠረጴዛ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አንድ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈና ስሜን ታግ አደረገው። ጨርቅ በለበሰ ሞላላ ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ እኔ ነኝ። ኮፍያዬን አድርጌያለሁ፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ወርዷል፣ ፊቴ ሁለት ካርታና አንድ ጭብጥ የፕላስቲክ ጠጠር ተቀምጧል። ከሥሩ «ጋሼ በቬጋስ የፖከር ውድድር ላይ» ብሎ ጽፎበታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አይታችኋል። ግማሻችሁ ሳቃችሁብኝ። አንዳንዶቻችሁ «ስንት በሉ ቲቸር?» አላችሁ። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ «በስተርጅና ቁማር!» ብሎ ጻፈ፤ መብቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን በውስጥ መስመር የደረሰኝ አንድ መልእክት ነው። ላኪው እዚሁ ፉሪ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳዎቹን ጀምሯል። አምና ባጃጁን ሸጠ። የሸጠበትን ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቤቲንግ ነው። ያን ጊዜ እናቱ ለምነውኝ ቤታቸው ሄጄ፣ እሳቸው ፊት አስቀምጬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መክሬዋለሁ። አሁን የጻፈልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ቲቸር፣ እርስዎ ሲጫወቱት ውድድር፣ እኛ ስንጫወተው ቁማር ነው እንዴ?»

መልሱን ኮሜንት ላይ ልጽፍ ጀመርኩና አልበቃኝ አለ። የታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ ነገሩን ከሥሩ ካልያዝኩት አይሆንልኝም። ስለዚህ ይሄ ረጅም ነው፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ካርታ የተማርኩት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60,000 ገደማ ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ሲዘምት እኔም አንዱ ነበርኩ። ቀን መሃይምነት ማጥፋት፣ ገበሬ ማደራጀት፤ ማታ በኩራዝ ኮንከር። መደቡ ቆሎ ነበር። የጣቢያችን ትልቁ ባለዕዳ እኔ ነበርኩ፤ አንድ ወቅት ላይ የሁለት ሳምንት ቆሎዬን አስቀድሜ ተበልቻለሁ። የሚያስቀው፣ ያሸነፈው ልጅ ቆሎውን ብቻውን መብላት ስለማይችል ተመልሶ ለሁላችንም ያቋድሰን ነበር። መደቡ ከጠረጴዛው ወጥቶ የትም አይሄድም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ጉዞው ልምጣ። ልጄ የምትኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እዚያ ያለው የሐበሻ ብዛት ይገርማል። ታክሲውን የሚነዳው ሐበሻ፣ የሆቴሉን ክፍል የምታጸዳው ሐበሻ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለውም ሐበሻ። የእህቴ ልጅ ከነዚህ አንዱ ነው። ካርታ ማደል እዚያ ትምህርት ቤት ተገብቶ የሚማሩት ሙያ ነው፤ ሲበውዝ ብታዩት እጁ ላይ ዓይናችሁ አይደርስም። «ጋሼ፣ ታሪክ ነው ብለው አንድ ቀን ይሞክሩት» ይለኝ ጀመር። እሱ በሚሠራበት ሳይሆን በሌላ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ለጡረተኛና ለቱሪስት የሚዘጋጅ ትንሽ ውድድር አለ። መግቢያው 80 ዶላር ነው። 60ው ለሽልማት ይደመራል፣ 20ው የቤቱ ነው። ይሄ ግድግዳው ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ላልተጫወታችሁ በአጭሩ፦ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። ከዚያ አምስት ካርታ መሀል ጠረጴዛ ላይ ለሁሉም በግልጽ ይዘረጋል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። በየመሀሉ መደብ ይጨመራል ወይም ካርታ ይጣላል። ከሰባቱ ምርጥ አምስት ካርታ የያዘ ይበላል፤ ወይም ደግሞ ምንም ሳይዝ ሌሎቹን ሁሉ አስፈራርቶ ያስጣለ ይበላል። በውድድር ጊዜ ሁሉም እኩል ከፍሎ እኩል ጠጠር ይቀበላል። ጠጠሩ ያለቀበት ተነሥቶ ይሄዳል። የግዴታ መደቡ በየሃያ ደቂቃው ስለሚያድግ ዝም ብሎ ተደብቆ መቆየት አይቻልም። አንድ ሰው ብቻ እስኪቀር እንዲህ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ቀን 38 ሰው ነበርን። 40 ደቂቃ ቆየሁ። ሁለት ንጉሥ ደረሰኝና ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ያለኝን ሁሉ ገፋሁት። ከፊቴ የነበረችው ሹራብ የለበሰች አሮጊት፣ ለቡና የምትጠራችሁ ጎረቤት የምትመስል ሴት፣ ሁለት አስ ይዛ ኖሯል። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት ሲወጣ 1,326 ዓይነት ጥንድ አለ፤ ከነዚህ ሁለት አስ የሚሆኑት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ከ221 አንዴ ማለት ነው። ያቺ አንዷ የእኔ ቀን ላይ ዋለች። ሴትዮዋ ከልቧ አዝና «ይቅርታ» አለችኝ፤ ጠጠሬን እየሰበሰበች።

ሁለተኛው ሙከራዬ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። በመሀሉ ልጄ ቤት አጠገብ ካለው ቤተ መጻሕፍት ስለ ፖከር የተጻፈ እያወጣሁ አነበብኩ። ሰው በገንዘቡ ሲጫወት እኔ በመጽሐፍ እዘጋጃለሁ። አስተማሪነት አይለቅም።

ጨዋታው ዛሬ በያዘው ስሙ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡብ፣ ኒው ኦርሊንስና ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ነው። ጆሴፍ ካዌል የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1829 በእንፋሎት ጀልባ ሲጓዝ ሰዎች ሲጫወቱት አይቶ ጽፏል። ያን ጊዜ ካርታው 20 ብቻ ነበር፤ አራት ሰው አምስት አምስት ይዞ የሚጫወተው። ወንዙ ላይ ጥጥ ሸጦ የሚመለስ ነጋዴ ኪሱ ሙሉ ነው፣ ጉዞው ረጅም ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሁሉም በየወደቡ ይበተናል። ለአታላይ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ጆናታን ግሪን የሚባል ንስሐ የገባ ቁማርተኛ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጨዋታ የማጭበርበሪያ ጨዋታ እያለ አጋልጦታል። ዛሬ «የአእምሮ ስፖርት ነው» የሚሉ ሰዎች ይቺን ገጽ ሲዘልሏት አይቻለሁ። እኔ አልዘልላትም።

የኔቫዳ ግዛት ቁማርን በሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። የኢኮኖሚ ድቀቱ አጥንት የሰበረበት ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት የሁቨር ግድብ ሥራ ተጀምሮ ሠራተኛ ወደ አካባቢው ይጎርፍ ነበር። እኔ የተጫወትኩት ዓይነት፣ የቴክሳስ ሰዎች ያመጡት፣ ላስ ቬጋስ የደረሰው በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1970 ቤኒ ቢኒየን የሚባል የካዚኖ ባለቤት ታዋቂ ተጫዋቾችን ሰብስቦ የዓለም ሻምፒዮና አለው። የመጀመሪያው ሻምፒዮን የተመረጠው በድምፅ ነው፤ ጆኒ ሞስ የሚባል ሰው። እንደሚወራው መጀመሪያ «ማን ይበልጣል?» ሲባሉ ሁሉም ለራሱ ድምፅ ሰጠ። «ሁለተኛውስ?» ሲባሉ ነው ሞስ የወጣው። እውነት ይሁን ጨዋታ አላውቅም፣ ግን አንዳንድ የእኛ የማኅበር ምርጫዎች ትዝ አሉኝ።

በማግስቱ ዓመት ድምፅ መስጠቱ ቀረና ዛሬ ያለው ሥርዓት መጣ። ሁሉም እኩል 5,000 ዶላር ያስገባል፣ ጠጠሩ ያለቀበት ይወጣል። በ1972 መግቢያው 10,000 ሆነና እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ነገሩን የቀየረው ይህ ይመስለኛል። በተራ ቁማር ሀብታም ድሃን በገንዘብ ብዛት ያንቀዋል፤ ቢሸነፍ ከኪሱ ደግሞ ያወጣል። በውድድር ግን ሚሊየነሩም የጥርስ ሐኪሙም አንድ ዓይነት ጠጠር ነው ያላቸው፣ ሲያልቅም ሁለቱም አንድ በር ነው የሚወጡት። ስለዚህ ጀማሪ ሰው ልቡ ይነሣሣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሃል ፋውለር የሚባል ሰው ሙያተኞቹን ሁሉ አሸነፈ፤ አማተር ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነው። በ2000 ደግሞ ጄምስ ማክማነስ የሚባል ደራሲ ስለ ውድድሩ እንዲጽፍ አንድ መጽሔት ልኮት፣ በተሰጠው ገንዘብ ራሱ ተመዝግቦ ተጫወተና አምስተኛ ወጣ። አርታኢው ምን እንዳለው እንጃ።

በ2003 የሆነው ግን ሌላ ነው። ክሪስ መኒሜከር የተባለ የ27 ዓመት የቴኔሲ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የአባት ስሙ ቃል በቃል «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በ86 ዶላር የማጣሪያ ውድድር ገብቶ የ10,000 ዶላሩን መግቢያ አሸነፈ። 839 ተጫዋቾች ነበሩ። መጨረሻ ላይ ሊባኖስ ከተወለደው ሙያተኛ ከሳም ፋርሃ ጋር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አንድ ዙር ላይ መኒሜከር ምንም ሳይዝ ያለውን ጠጠር ሁሉ ገፋ። ፋርሃ ዘጠኝ ጥንድ ይዟል፣ እየበለጠ ነው። አሰበ፣ አሰበና ጣለው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው አላንሠራራለትም። መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በማግስቱ ዓመት 2,576 ሰው መጣ። በ2006 ደግሞ 8,773። ያ ሁሉ ሰው «እኔስ ከሒሳብ ሠራተኛው በምን አንሳለሁ?» ብሎ የመጣ ነው። አንድ ሰው ሲያሸንፍ በቴሌቪዥን ይታያል፤ በዚያው ዓመት የወጡት 838ቱ ግን የትኛውም ፎቶ ላይ የሉም። የእኛ ሰፈር ቤቲንግ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የአሸናፊ ቲኬትም ሥራው ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ቀን 47 ሰው ነበርን፤ ፎቶው የዚያን ቀን ነው። አጠገቤ ከአዮዋ የመጡ ጡረተኛ ገበሬ ተቀምጠዋል። በቆሎና አኩሪ አተር ነበር የሚያርሱት። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና «እናንተ አገር ምን ትጫወታላችሁ?» አሉኝ። ሰውየው ሳያውቁ የታሪክ መምህር ቁልፍ ነክተዋል።

መጀመሪያ ስለ ገበጣ ነገርኳቸው። የምኖርበት የፉሪ ተራራ አጠገብ ያለችው ትልቅ ከተማ በገበጣ ጨዋታ መሀል የተተነበየች ናት አልኳቸው። በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ውስጥ ያለ ታሪክ ነው፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደዚህ አካባቢ መጥተው ከትልቅ ዛፍ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ፣ ይህች ምድር አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ቤት የሚሠራባት ከተማ እንደምትሆን ተናገሩ ይባላል። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ናቸው። እሳቸውም እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት በእኛው ወጨጫና ፉሪ ሰፍረው ነበር። ሰውየው ጠጠራቸውን እያንኳኩ «በስንት ተወራረዱ?» አሉኝ። አሜሪካዊ ናቸው።

ከዚያ ስለ ሰንጠረዥ። አሁን ቼዝ የምንለው የፈረንጅ አይደለም፤ የራሳችን ሕግ ያለው የመኳንንት ጨዋታ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ግሪጎሪዮ ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። እስቲ አስቡት፤ ሰውየው ከቬኒስ ባሕርና በረሃ አቋርጦ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥት ጋር ጨዋታ ይቀመጣል! እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ ሲመጣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳጅ ሆነው አገኛቸው። እቴጌ ጣይቱም ይጫወቱት ነበር።

የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር ጽፎ ያስቀረልን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው። በኋላ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የተበታተነውን መረጃ ሰብስቦ ታሪኩን ጻፈው። ሰሌዳው እንደ ፈረንጁ ጥቁርና ነጭ የተጠላለፈ አይደለም፤ አንድ ቀለም ጨርቅ ላይ መስመር ብቻ ነው። ገበሬውን ያስገረመው አጀማመሩ ነው። ተራ የለም። «ጀምር» ሲባል ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ ሳይጠባበቁ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ተራ የሚመጣው የመጀመሪያው ቁራጭ ከተበላ በኋላ ነው። ስለዚህ ዓይንህ በራስህ እጅ ላይ ብቻ ከሆነ አለቀልህ፤ የዚያኛውን እጅ ማየት አለብህ። እሱ ሲያሰልፍ አይተህ አንተ ትቀይራለህ፣ አንተ ስትቀይር አይቶ እሱ ይቀይራል።

ሌላም አለ። እንዴት እንደምታሸንፍ ልዩነት ነበረው። በፈረስ ወይም በደር (ዛሬ ግንብ በምንለው) ንጉሡን መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠር ነበር። በደካሞቹ ቁራጮች መያዝ ያስመሰግናል፤ በሜደቅ፣ ማለትም በእግረኛው፣ ከያዝክ ደግሞ ስምህ ይነሣል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። አጋር የሌለውን ማሸነፍ ክብር አልነበረም። ይህን ስነግራቸው ገበሬው ትንሽ ዝም አሉና «እዚህማ ብቻውን የቀረውን ነው ቶሎ የምንበላው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጠጠሩ ያነሰበትን ሰው ጠረጴዛው ሁሉ ተረባርቦ ነበር የሚያስወጣው። እኔንም እንደዚያው።

ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እየጠፋ ሄደ። ወረራ በሚባል ጀምሮ በወረራ አለቀ። በምትኩ ከተሞቻችን ካራምቡላንና ቶምቦላን ለመዱ፤ ቃሎቹ ራሳቸው ጣሊያንኛ ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ብሔራዊ ሎተሪ መጣ። አባቴ የእንቁጣጣሽ ዕጣ ሳይገዛ ዓመት አይለውጥም ነበር። አንድም ቀን ሳይወጣለት ሞተ፣ ነፍሱን ይማር፣ ግን በዓመት አንዴ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ቆየሁ። አንድ የምኮራበት ነገር ሠርቻለሁ። እጄ ላይ ምንም የለም፣ ሰባትና ሁለት፤ የሚያውቁት ከሁሉ የከፋ ጥንድ ይሉታል። ከፊቴ ያለው መነጽር ያደረገ ወጣት ሲያመነታ አየሁት። ግማሹን ጠጠሬን ገፋሁና ፈተና ላይ ስትኮራረጁ የማይበትን ዓይን ጣልኩበት። ታውቁታላችሁ ያንን ዓይን። ልጁ ካርታውን ወረወረ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው እንዴ ብዬ ሳቄ መጣ።

አሥራ አንደኛ ሆኜ ወጣሁ። ሽልማቱ እስከ አምስተኛ ነው። ገበሬው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። 160 ዶላር ለሁለት ቀን ጨዋታ፤ ልጄ ናት የሰጠችኝ፣ ታውቃለች።

የማታውቀውን አሁን ልናገር። ልጄ ይህን ስታነብ ነው የምታውቀው።

ስወጣ የእህቴ ልጅ ሥራ ላይ ስለነበር መጥቶ እስኪወስደኝ ሁለት ሰዓት ቀርቶኛል። አሥራ አንደኛ የወጣ ሰው አምስተኛ ላለመውጣቱ ምክንያት አያጣም። ሩጫው ገና ደሜ ውስጥ አለ። ሩሌት ወደሚባለው ሄድኩ፤ የሚሽከረከረው ሰሐን። ቀይ ነው ጥቁር፣ ሙሉ ነው ጎዶሎ። ለመንገድ የያዝኩት 170 ዶላር ነበረኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ 40 በላሁ። ከዚያ ተበላሁ። ከዚያ የተበላሁትን ላስመልስ ስል ተበላሁ። የመጨረሻዋን 20 ዶላር ሳስቀምጥ ልቤ እየመታ፣ ከንፈሬ እየጸለየ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ወደ ብር ብትመነዝሩት ከሁለት ወር ጡረታዬ ይበልጣል። ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የእህቴን ልጅ ስጠብቅ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ባጃጁን የሸጠውን ልጅ ነበር የማስበው። እናቱ ፊት የተናገርኳትን እያንዳንዷን ቃል አስታወስኩ።

ስለዚህ ልጄ (አንተን ነው፣ የጻፍክልኝን)፣ ጥያቄህ ትክክል ነው፣ ግን መልሱ አንተ ባሰብከው መንገድ አይደለም። እኔ ሁለቱንም ተጫውቻለሁ። ልዩነቱን ያወቅኩት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ቆሎ ስንጫወት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ያጣሁት አንተ ጋ ነው፣ ያጣኸው እኔ ጋ ነው። ሰንጠረዥም እንደዚያው። የፖከር ውድድር ላይ ቤቱ አለ፣ ግን 20 ዶላሩን በር ላይ ተቀብሎ ዳር ቆሟል፤ ማንም ቢያሸንፍ ግድ የለውም፣ እኔም ከ80 ዶላር በላይ ላጣ አልችልም። ያም ቢሆን የቤቱ 20 በየቀኑ በየጠረጴዛው እየተሰበሰበ ነው ከተማዋን የሠራው። ሩሌቱ ጋ ስደርስ ግን ከፊቴ የተቀመጠ ሰው የለም። የምጫወተው ከቤቱ ጋር ነው። ሰሐኑ ላይ 38 ቁጥር አለ፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ ሁለቱ ዜሮዎች አረንጓዴ። ቤቱ የሚከፍልህ ግን ሁለቱ እንደሌሉ አድርጎ ነው። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ 5 ከምናምን የሚቀርለት በነዚያ በሁለቱ ነው። ማጭበርበር አያስፈልገውም። መጠበቅ ብቻ።

የአንተ ቲኬት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ይህን ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጥተህ ወረቀት ላይ አሳይቼሃለሁ፤ ለሌሎቹም ይጠቅም እንደሆነ ልድገመው። በአንድ ጨዋታ ላይ ቤቱ 5 በመቶ ቢያስቀር፣ 100 ብርህ በአማካይ 95 ይሆናል። አንተ ግን አሥር ጨዋታ አንድ ላይ ነበር የምታስረው፣ ምክንያቱም ክፍያው ያጓጓል። ዘጠና አምስት በመቶን በራሱ አሥር ጊዜ አባዛው፤ ወደ 60 ብር ይወርዳል። 40ው ኳሱ ሳይነካ ሄዷል። አርሰናል ቢያሸንፍም ባያሸንፍም።

ኮሜንት ላይ ኃጢአት መሆኑን ያስታወሳችሁኝ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የሐዋርያት ቀኖና በቁማርና በመጠጥ የተጠመደ ካህን ወይ እንዲተው ወይ እንዲሻር ያዛል፤ ቁርኣንም ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ከልክሎታል። ሁለቱም ስለ ሩሌት ሳይሰሙ ነው። ያን ቀን በረንዳው ላይ የገባኝ እነሱ ቀድመው ያዩትን ነው፤ ሰውን የሚይዘው ገንዘቡ ሳይሆን «ላስመልስ» የምትለዋ ቃል ናት።

ቅዳሜ ዕለት ከሒሳቡ በኋላ ሻይ ጠጣን። ጨርቅ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሬ ሰንጠረዥ አሳየሁት። በወረራው ላይ አሸነፈኝ፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ባጃጅ ነጂ ነበር። «መደቡስ?» አለኝ። «ሻዩን አንተ ትከፍላለህ» አልኩት። «አሸንፌ?» አለኝ። ሳቅን። ሲሄድ ያችን ያባዛሁባትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተታት፤ ደስ አለኝ።

ትላንት ማታ በቴሌግራም የአንድ ቲኬት ፎቶ ላከልኝ። የፉሪዎቹ ቤቲንግ ቤቶች ከታሸጉ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቲቸር፣ ሒሳቡ ገብቶኛል። ከአሥር ወደ ሦስት ቀንሻለሁ።»

ወረቀቱን ደግሜ አሰላሁት። ሦስት ከሆነ 86 ብር ገደማ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስለት እስካሁን ቁጭ ብያለሁ።